ማንም ያልቀመሰው ሊጥ

ሰኞ፣ መጋቢት 13 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ ሪያድ፣ መንሱራ

አብራኝ የምትኖረው ዘይነባ ለዒድ ብስኩት እንጋግር አለችኝ። ወንድሟ ከጅዳ ሊጠይቃት ስለሚመጣ የምታቀርብለት እንዳታጣ ጨንቋታል። እሷ የረመዳንን ጾም ይዛለች፣ እኔ ሁዳዴን። ቅቤና እንቁላል የገባበትን ሊጥ የሚቀምስ ከቤቱ ጠፋ።

ትሪው ምድጃ ከገባ በኋላ፣ "ስኳሩን መቼም ጨምሬዋለሁ" አልኳት።

"እኔም ጨምሬዋለሁ እኮ" አለችኝ።

እስከ መግሪብ ድረስ የበሰለውን ብስኩት እያየን ተቀመጥን። አዛን ሲል በቴምር አፈጠረችና አንዱን ገመጠች። ፊቷ ጭምድድ አለ፤ ከዚያ ሳቀች።

"ወላሂ ጥርስ ይነቅላል። ግን ወንድሜ ጣፋጭ ነፍሱ ነው፣ ኸላስ፣ በቃ።"

ቀጥላ በጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ ሳህን አመጣችልኝ። "ይሄ የጾም ነው እህቴ፣ በዘይት ነው ያቦካሁት። ዕቃ ስታጥቢ ነው የጋገርኩልሽ።"

ገመጥኩት። ስኳር የሚባል አልነካውም። ለካ ያለን ስኳር በሙሉ እዚያኛው ውስጥ ገብቶ አልቋል።

"እንዴት ነው?" አለችኝ አፍ አፌን እያየች።

"ልክ ነው" አልኳት። ፍርፋሪውን እንኳ አላስተረፍኩም።