አትክፈቱ ያልከው መስኮት

ኮሶዬ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለመዝሙር፤ ኖርዌይ

እንደምን ከርመሃል? እኔ ተናድጃለሁ። ስልኩን አባትህ ከጆሯቸው አያወርዱትም፤ እሳቸው እየሰሙ ደግሞ ይህን መናገር አልችልም። ስለዚህ ጽፌ በአጎትህ ልጅ በህሩይ እጅ ልኬልሃለሁ።

የሠራህልን ቤት መስኮት ያልበዋል። ጠዋት ጠዋት ውሃው ከመስታወቱ እየወረደ ግድግዳውን ያረጥባል፤ የአባትህ ራስጌ በሻጋታ ጠቁሯል። እኔ ሞኟ ጣሪያው ያፈሳል ብዬ በዚህ በበጋ አናጢውን ላቀውን ጣሪያ ላይ አስወጣሁት! ወርዶ ሳቀብኝ። «እሜቴ፣ ይኸ የእናንተው ትንፋሽና የድስታችሁ እንፋሎት ነው። መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ውሃ ይሆናል» አለኝ። መውጫውን ማን ደፈነው? አንተ! «ብርድ እንዳይገባባችሁ» ብለህ ከመስኮቱ በላይ የነበረውን የአየር ቀዳዳ ሁሉ በፎም አስሞላህ። የኖርዌይን ቤት ኮሶዬ ላይ ሥራ ማን አለህ?

ድስቴን እከድናለሁ፤ ልብስ ውጭ አሰጣለሁ፤ አልጋውን ከግድግዳው ክንድ ያህል አራቅሁት። መስኮቱ ካልተከፈተ ምን ዋጋ አለው! አባትህ ቅዳሴ ሲሄዱ ወዲህና ወዲያ ያሉትን መስኮቶች እከፍታለሁ፤ ሲመለሱ ጋቢያቸውን እንኳ ሳያወልቁ ይዘጓቸዋል። «ምነው ትከፍቺዋለሽ? ልጄ አትክፈቱ ብሎ የለም? ሸጋ ቤት ነው፣ ተይው» ይሉኛል።

ደግሞ ያስላቸዋል። ካንተ ጋር ሲያወሩ ሳሉን በጋቢያቸው አፍነው ነው። ባለፈው እሑድ ዜማውን ጀምረው መጨረስ አቅቷቸው ለተማሪያቸው ለቀቁለት፤ መሪጌታው! ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው «ልጁ ከሰማ ቤቱ አልተስማማቸውም ይላል» ብለው እንቢ አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ዘጠኝ ዓመት ዓይንህን ስላላዩ ቃልህን ይዘው ቀሩ።

ይህ እንደደረሰህ ደውል። «አባባ፣ ተሳስቻለሁ፤ መስኮቱን ይክፈቱ፣ ሐኪም ቤትም ይሂዱ» በላቸው። ላቀው ፎሙን እንዲያወጣም እዘዘው። እናቴ ጻፈችልኝ እንዳትል። እኔ አርባ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አልሰሙኝም፤ አንተን ይሰማሉ። ይኸም ያናድደኛል።

ብቆጣም ምርቃቴን አልነፍግህም፤ ቅዱስ ሩፋኤል በሄድክበት ይከተልህ። ብቻ ድምፅ ሳለላቸው ደውል።

እናትህ ወለተሩፋኤል