በአዲሱ ፓምፕ ላይ የተገኘው ሪባን

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ መንገዱ ይለስልስልሽ፤ የያዝሽው ይባረክልሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ ምላሷ ግን ፍጹም ጤነኛ ነው።

አሮጊቷ መኪናችን መሪዋ ከብዶ፣ ለመታጠፍ በሞከርኩ ቁጥር ከበሬ ጋር የምታገል መስዬ ነበር። መካኒኩ ሚዜዬ፣ ያ አንቺ «አባባ ብሎን» የምትይው፣ «የመሪው ፓምፕ ሞቷል፤ አዲስ ካልገባ አይሆንም» አለኝ። የላክሽውን ገንዘብ ሳልቆጥር ሰጠሁት። ከሚዜው ጋር ማን ይቆጥራል?

«አዲሱን ገጥሜልሃለሁ» ብሎ መኪናዋን መለሰልኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ግን መሪው ተመልሶ ከበደ። ኮፈኑን ስከፍተው ፓምፑ በጥቁር ቀለም ያብረቀርቃል። ድሮ ቱቦው እንዳይንቀጠቀጥ ከፓምፑ ጋር ያሰርኩበት፣ አንቺ ጠፋብኝ ያልሽው የትምህርት ቤት ሪባንሽም አብሮ ተቀብቷል። ቋጠሮው እንኳ አልተፈታም። ጫፉን ብፍቀው የድሮው ቀይ ቀለሙ ወጣ።

ጋራዡ ሄጄ፣ «አዲሱ ፓምፕ ፀጉሩን በሪባን ያስራል እንዴ?» አልኩት። ይስቃል ብዬ ነበር። ቢስቅ ኖሮ እኔም ስቄ እተወው ነበር። እሱ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ከፋብሪካ ሲመጣ እንዲሁ ነው» አለኝ፤ ያውም ዓይን ዓይኔን እያየ። የሰርጌ ዕለት ከረባቴን ያሰረልኝ ሰው ነው እኮ።

ሌላ ገንዘብ እንዳትልኪ፤ ክንዴ ገና መሪ ያዞራል። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። እኔ ስደውል አያነሳምና አንቺ ደውይለት። እንደ ወትሮሽ «አባባ» በይው፤ የመኪናውን ነገር አታንሺ። የጠፋው ሪባንሽ መገኘቱን ብቻ ንገሪው።

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ወዳጅሽ እንደ ወዳጅ ይኑርልሽ።

አባትሽ