የተከደነው ብርጭቆ

ለታናሽ እህቴ፣ ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔና ልጅሽ ደኅና ነን፤ የጓሮው በርም ተጠግኗል።

ጡረታ ብወጣም ትምህርት ቤቱ ስለ አባላዘር በሽታ ለወጣቶቹ እንዳስረዳ ጠራኝ። እንደ ልማዴ በሙከራ ጀመርኩ። ለሁሉም ውሃ በብርጭቆ ሰጠሁ፤ በአንዱ ብቻ በዓይን የማይለይ የሶዳ ዱቄት ሟሙቶበታል። ከቀሩት ሁለቱን ብርጭቆዎች በላስቲክ ከደንኳቸው። ከዚያ ተማሪዎቹ ውሃቸውን አንዱ በሌላው ብርጭቆ ላይ እያፈሰሱ ተቀያየሩ።

«ቲቸር፣ የእኔማ እንደ መስታወት ነው» አለ አንዱ ቀልደኛ። ሶዳ ካገኘ የሚቀላውን የመፈተሻ ጠብታ ሳደርግበት ውሃው ቀላ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። የተከደኑት ግን እንደጠሩ ቀሩ። «የኮንዶምም ሥራ ይኸው ነው» አልኳቸው።

ከተማሪዎቹ መካከል የተቀመጠችው ልጅሽ ግን አልሳቀችም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ «አክስቴ፣ በዓይን ካልታየ በምን ይታወቃል?» አለችኝ።

«በምርመራ። ቶሎ ከተደረሰበት ሐኪም መላ አያጣለትም።»

በማግስቱ የደም ግፊቴን ልለካ ጤና ጣቢያ ስሄድ «ላጅብሽ» አለች። የእኔ ቶሎ አለቀ፤ እሷ የገባችበት ምርመራ ግን ዘገየ። ቦርሳዋን ታቅፌ ጋዜጣ ሳነብ የጽዳት ሠራተኛዋ «እማማ፣ ዘቅዝቀው ነው የያዙት» አለችኝ።

በመጨረሻ ሳቋ ቀድሟት ወጣ። «የእኔ ጠርቷል። ክዳኑንም ከእንግዲህ አልረሳም» አለችኝ። እኔም ሌላ አልጠየቅኋትም።

ዛሬ ለሌላው ክፍል ብርጭቆዎቹን ደርድራ ያስረዳችው እሷ ናት። አንዱ «የእኔ ንጹሕ ነው» ሲላት «በዓይን ማርክ አይሰጥም፤ ተመርመር» ብላ አስቀመጠችው። በማርክ ስስታም መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ለእሷ ግን ከኋላ ወንበር ሆኜ መቶ ከመቶ ሰጠኋት።

እንግዲህ አንቺም እንደ እኔ ስለ ልጅሽ ሳትሰጊ ተኝተሽ እደሪ።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ