ድሪቶሽ አዳራሽ ገባ

እምዬ፣ ያለሽበት ሰላም ይሁን። የሰባት ዓመት ተዝካርሽን አውጥተን የተዋስነውን ዕቃ ለጎረቤት ከመለስን ገና ሁለት ሳምንት ነው። ያን ዕለት ስለ አንቺ ብዙ ደግ ነገር ተወራ፤ ያወሩት ደግሞ በሕይወት ሳለሽ መንገድ ላይ ሲያገኙሽ ፊታቸውን የሚያዞሩት ናቸው። ጠላዬን እየጠጡ ሲያመሰግኑሽ እየደጋገምኩ ቀዳሁላቸው። ይህን የምጽፍልሽ ግን በእነሱ ተናድጄ አይደለም፤ ከእነሱ የባሱትን አይቼ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ገሳይ ያለው ቤታችን ቆርቆሮ ለብሷል። አስማማው ልጅሽ አግብቶ እዚያው ይኖራል፤ መደቡን አፍርሶ አልጋ አስገብቷል። እኔ ደብረ ታቦር ሱቅ ከፍቻለሁ፤ የምሸጠው ብርድ ልብስ ነው። ሳቂ እንጂ፣ ቢያስቅም ያስቃል።

ባለፈው ቅዳሜ በከተማው አዳራሽ «የሚለበስ ጥበብ» የሚባል ትርኢት አለ ተብሎ ባለሱቆች ሁሉ ተጠራን። ከባሕር ዳር የመጡ ልብስ ዲዛይን አድራጊዎች ከእኛ ከተማ ወጣት ሠዓሊዎች ጋር ሆነው ያዘጋጁት ነው፤ ልብሱ ሁሉ ከሚጣል ነገር የተሠራ፣ ለአካባቢ ተስማሚ ነው አሉን። ሄድኩ። ከሲሚንቶ ከረጢት የተሰፋ ቀሚስ አየሁ፤ የለበሰችው ልጅ በተራመደች ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ከጠርሙስ ክዳን የተሠራ ሐብል፣ ከሲኒ ስባሪ የተሠራ የጆሮ ጌጥ አየሁ። ገበሬው በረባሶ አድርጎ የሚጨርሰውን የመኪና ጎማ ቦርሳ አድርገው አንጠልጥለውታል። በእግር ሲሆን ድህነት የነበረው በትከሻ ሲሆን ጥበብ ሆነ ማለት ነው። አንድ የቢሮ ሰው ተነስቶ ስለ ፕላስቲክ ጉዳት እስኪሰለቸን ተናገረ፤ ሲጨርስ የታሸገ ውኃውን ጨለጠና ባዶውን ጠርሙስ ከወንበሩ ሥር ወሸቀው። አጨበጨብንለት።

ሐሜት እንዳይሆንብኝ፣ ከጉና ሥር የመጣች አንዲት ልጅ ከበግ ጠጉር ባና የሠራችው ካፖርት ደስ ብሎኛል። ስፌቱን ገልብጬ ሁሉ አየሁት፤ የምነቅፈው አጣሁ። እሷን ግን ፎቶ የሚያነሳት አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ካሜራውን ይዞ የሚሮጠው ወደ ከረጢቱ ነው።

ከዚያ ሙዚቃው ከፍ አለና አንዲት መለሎ ልጅ ጥቁር መነጽር አድርጋ ብቅ አለች። ትከሻዋ ላይ ያለውን ሳይ ከወንበሬ ተነሳሁ። ድሪቶሽ ነው፣ እምዬ። የአባዬ ካኪ ኮት፣ የእርዳታ ስንዴ ጆንያ ከነጽሑፉ፣ የእኔ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ልብስ፣ ሁሉም ከጆንያ በመዘዝሽው ክር እንደተጠቀጠቀ። እንግዳ ሲመጣ አፈፍ አድርገሽ ከቁርበቱ ሥር የምትደብቂው። ከእሱ ሌላ ከላይ የምትደርቢው ስላልነበረሽ የገዛ እኅትሽን ሠርግ ከአጥር ኋላ ተቀምጠሽ ከበሮውን ብቻ ሰማሽ። ልትሞቺ ስትይ እንኳ አደራ ያልሽን ይህን ሰው እንዳያይብሽ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው አየው፤ ብድግ ብሎም አጨበጨበለት።

ማን እንደሰጣቸው ለማወቅ አልተቸገርኩም። አስማማው ከኋላ ቆሞ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል። አሮጌ ነገር ሲያፈላልጉ ገሳይ ድረስ መጥተውበት እሱ ነው መርቆ ያስረከባቸው። ብቆጣው «ምነው እትየ፣ እናቴ በከተማ ትታይልኝ ብየ እንጅ ክፉ አስቤ መሰለሽ?» አለኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው። ክፉ አለማሰቡን አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው ያልመታሁት።

አዘጋጁ ጠጉሩን ወደ ላይ ያሰረ ጎረምሳ ነው። ድሪቶውን ባሕር ዳር ወስደው፣ ቆራርጠው፣ ለአዳዲስ ጃኬቶች ኮሌታ እንደሚያደርጉት በኩራት ነገረኝ። አዲስ ሕይወት እንሰጠዋለን ይላል። ማን እንደሰፋው ታውቃለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው «የአካባቢው ማኅበረሰብ» አለኝ። ማኅበረሰቡ፣ እምዬ! አንድም ቀን መርፌ ያላዋሰሽ ማኅበረሰብ!

ከዚያ በኋላ ከእሱ ጋር መነጋገር ራሴን ማዋረድ ሆኖ ታየኝ። ልጅቱ ወደ መጋረጃው እስክትመለስ ጠበቅሁና ድሪቶውን ከትከሻዋ አነሳሁት። ጎረምሳው ስለ ቅርስ ምናምን እያለ ተከተለኝ። «ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል፤ የዚህን ፈርጅ አንተ አታውቀውም» ብዬው ወጣሁ። ደጁ ዝናብ አባርቶ ብርዱ ይጋረፋል። ነጠላዬ ላይ ደረብኩትና በገበያው መሀል በቀን ብርሃን ለብሼው ሄድኩ። አንዷ ከትርኢቱ የገዛሁት መስሏት በስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሌላዋ አበደች አለች።

ቤት ገብቼ አልጋዬ ላይ ጋደም አልኩና ልከናነበው ሞከርኩ። ትከሻዬን ስሸፍን እግሬ ይወጣል፤ እግሬን ስሸፍን ትከሻዬ። ወደ ጎን አዞርኩት፣ ያው ነው። ለአንድ ትልቅ ሰው አይበቃም፤ ሁለት ልጆች ተጠጋግተው ቢተኙበት ግን ልክ ነው። ሌሊት ሌሊት ሦስታችን አብረን የምንለብሰው ይመስለኝ ነበር። ጠዋት ስነቃ ምድጃው ሥር ኩርምት ብለሽ ሳገኝሽ፣ ቀድመሽን ተነስተሽ ነው እያልኩ አደግኩ።

አላቃጥለውም፤ ከቁርበት ሥርም አልከተውም። ልጆቼ ሲጠይቁኝ የማን እጅ እንደሰፋው በስምሽ ጠርቼ እነግራቸዋለሁ፤ እኔም እስካለሁ ከልቤ አትወጪም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ እምዬ። ያን ሁሉ ክረምት አንቺ ምን ለብሰሽ አደርሽ?