በእግሩ የገባ ሁሉ ድኗል

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎና ከቢሮዎ በር ላይ የማትጠፋው ጸሐፊዎ እንዴት ሰንብታችኋል? ጤና የምመኝልዎት ከልቤ ነው፤ በተለይም እየተራመዱ የሚታመሙት ዓይነት ሕመም ወደ ደጅዎ ዝር እንዳይል እጸልያለሁ፤ እንዲህ ያለው ሕመም እርስዎ በሚመሩት ሆስፒታል መድኃኒት የለውምና።

እኔ ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። ፊቴን ቢረሱት እንኳ እጄን ያስታውሱት ይሆናል፤ ጢምዎን ለብዙ ዘመን የላጨሁት እኔ ነኝ። ስትሮክ መትቶኝ ቀኝ ጎኔ አልታዘዝ ያለኝ ጊዜ የታከምኩት በእርስዎ ሆስፒታል ሲሆን፣ ነፍሴን ላተረፉልኝ ሐኪሞች ያለኝ ምስጋና እውነተኛ ነው፤ ከዚህ በታች ከተዘረዘሩት ምስጋናዎች ጋር እንዳይቀላቀልብኝ አደራ።

አንደኛ፤ ስለ ፊዚዮቴራፒ ክፍሉ አመሰግናለሁ። ፊዚዮቴራፒስቷ በሁለት ብረቶች መካከል አቁማኝ፣ ክብደቴን ወደ ቀኝ እንድጥል እየወተወተችኝ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ በጉልበቷ እየደገፈችኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ዳዴ አስብላ መራመድ አስተማረችኝ። ከዚያ ወደ እጄ ተሻገረች። ትከሻዬን አፍታታ፣ የተጨበጡ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዘርግታ፣ የልብስ መቆንጠጫ ከገመድ ላይ እንዳነሳና መልሼ እንድሰካ፣ ቀጥሎም በደነዘ መቀስ ጋዜጣ እንድቆርጥ አደረገችኝ። መጀመሪያ የቆረጥኩት ጋዜጣ አይጥ የበላው ይመስል ነበር፤ በኋላ ግን መስመር ይዞ መሄድ ጀመረ። አውራ ጣቴ የታዘዘችኝ ቀን የተሰማኝን ደስታ ልጄ ስትወለድም አላገኘሁትም፤ ይህን ልጄ እንዳትሰማ።

ሁለተኛ፤ ክፍሉ ተጨናነቀ ብለው ስላወጡት መመሪያ አመሰግናለሁ። በዊልቸር ወይም በክራንች የመጣ ይገባል፤ ያለ ድጋፍ በእግሩ የመጣ ግን ድኗልና ከበር ይመለሳል። ውሳኔውን ለጥበቃ ሠራተኛው መስጠትዎ ደግሞ ታላቅ ብልሃት ነው፤ ሐኪም ስንት ዘመን የሚማረውን እሱ በር ላይ ቆሞ በአንድ እይታ ይጨርሰዋል። ችግሩ እንደ እኔ ባለው ሕመምተኛ እግር ቀድሞ ሲመለስ እጅ ዘግይቶ የሚመጣ መሆኑና፣ እኔም ቤተሰብ የማስተዳድረው በእግሬ ሳይሆን በእጄ መሆኑ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ በመመሪያዎ ስላገኘነው ተጨማሪ ሙያ። ግቢው ውስጥ ቀጥ ብለን መራመድ እንማራለን፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ማነከስ እንለማመዳለን። እንደ እኔው እጁ ገና ያልዳነለት አንድ የታክሲ ሾፌር ያመጣው ክራንች ነበረን፤ እሱ ይዞት ይገባና በአጥሩ ቀዳዳ መልሶ ያሾልክልናል፣ ቀጣዩም በዚያው ይገባል። አንድ ቀን ክራንቹ ሳይመለስ ተራዬ ደረሰና ባለቤቴ ብብቴ ሥር ገብታ «በል እንግዲህ አንክስ፤ ሚዜ ይመስል ደረትህን አትንፋ» ስትለኝ፣ አነከስኩ። ያነከስኩት ግን በደህናው እግሬ ነበር። ጥፋቱ የፊዚዮቴራፒስቷ ነው፤ ቀኙን አምነህ ርገጥ ስትለኝ ከርማ የታመመው የትኛው እንደሆነ አስረሳችኝ። ጥበቃው ሆዱን ይዞ ሳቀና «ጋሼ፣ ባለፈው ያነክሱ የነበረው በሌላኛው አልነበረም እንዴ?» ብሎ፣ ድኗል የሚለውን የእርስዎ ፊርማ ያረፈበትን ወረቀት ሰጠኝ። ባለቤቴም ሳቁ ተጋብቶባት እየሳቀች ወጣች፤ ቤት ስንደርስ ግን ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

አራተኛ፤ አቤት ልል ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ጸሐፊዎ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብላ ስላጽናናችኝ አመሰግናለሁ። ለእንቁላሉ ግን ሰጋሁለት፤ በእግሩ የሄደ ዕለት እሱም ድኗል ተብሎ መሸኘቱ አይቀርም።

እኔ ቀስ የምልበት ጊዜ የለኝም፣ ክቡር ሆይ። ፊዚዮቴራፒስቷ እጅ የተማረውን ካልደገሙለት ይረሳል ብላኛለች፤ እውነቷን ነው። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼን መልሰው ተጨብጠው አገኛቸዋለሁ። ቤት ውስጥ መቆንጠጫውን እሞክራለሁ፤ ትከሻዬ ያለ አግባብ ሲነሳ ግን የሚያርመኝ የለም። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ፀጉር ቤቱን እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ። ደንበኞቼ ደጃፉ ላይ ቆመው ጤናዬን ይጠይቁና ወደሌላ ፀጉር ቤት ያዘግማሉ። አልቀየማቸውም፤ ሰው ቢወደኝ ቢወደኝ አንገቱን ለሚንቀጠቀጥ ምላጭ አይሰጥም። ከዚህ በቀር ሌላ ሙያ የለኝም፤ እጄ ዳግመኛ ከተዘጋ ቤቴም አብሮ መዘጋቱ ነውና ፈርቻለሁ።

ስለዚህ መዳናችንን እግራችንን የሚያየው ጥበቃ ሳይሆን እጃችንን የምትጨብጠው ፊዚዮቴራፒስት እንድትወስን ያዝዙልን ዘንድ፣ ጎንበስ ብዬ ሳልወድቅ ቀና ማለት በተማርኩበት በዚያው ወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ለክቡርነትዎ ካለኝ ወሰን የለሽ አክብሮት ጋር፣
በመመሪያዎ መሠረት ሙሉ በሙሉ የዳንኩት፣
ፀጉር አስተካካይዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኔ ከታመምኩ ወዲህ ሌላ ቦታ እንደሚላጩ ሰምቻለሁ። አሁን ግን መዳኔን በፊርማዎ ስላረጋገጡ የሚያሰጋዎት ነገር የለም፤ ቅዳሜ ጠዋት ወንበሩን ወልውዬ፣ አዲስ ምላጭ አስገብቼ፣ በቀኝ እጄ ይዤ እጠብቅዎታለሁ።