ለዳቦ ቤቶቹ የሰጠኋት ፔናሊቲ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽስ? አሁንም ጎንበስ ብለሽ ስትነሺ ቀስፎ ይይዝሻል ወይስ ትንሽ ፋታ ሰጠሽ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ቅባት አንቺ እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አካፍለሽ ጨረስሽው? አባዬስ ሳሉ ተሻለው? ልጆቹስ አደጉልሽ? ትንሿ የፊት ጥርሷን አውልቃለች ሲሉ ሰማሁ፤ ስትስቅ ባየኋት እንዴት ደስ ባለኝ። ባለቤትሽስ ሥራው እንዴት ይዞታል? እኔ ከናፍቆታችሁና ከድካም በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ለምጄዋለሁ። የሰሞኑ ድካም ግን ሌላ ነው፤ የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው።

ባለፈው በስልክ «ድምፅህ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፣ ምን ሆነሃል?» ስትይኝ «ምንም» አልኩሽ። እንዳላመንሽኝ ያኔም ገብቶኛል። ስድስት ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ግን የልብን በስልክ ማውራት አይቻልም፤ አንዱ ያንኮራፋል ብለሽ ስታምኚው ጆሮው ነቅቶ ይሰማሻል። ልብስ የምትተኩሰው ባልደረባችን ነገ ለእረፍት ወደ አገር ስለምትገባ ይህን ወረቀት በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ጨዋ ሴት ናት፣ አትከፍተውም። በስልኳ የያዘችውን ቪዲዮ ላሳይሽ ማለቷ ግን አይቀርም። እባክሽ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ አትፍረጂ።

ኳስ እንደማትወጂ አውቃለሁ። ልጆች ሆነን በኳስ ስንደባደብ «ጤነኛ ሰው በነፋስ ለተነፋ ቆዳ ይጣላል?» እያልሽ በጆሯችን ይዘሽ ታስገቢን ነበር። ስለዚህ አሳጥሬ እነግርሻለሁ። የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ከአንድ ትልቅ ዳቦ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ የሁለቱም ባለቤት አንድ ሰው ነው። በዓመት አንድ ጊዜ የእኛ ሠራተኞችና የዳቦ ቤቶቹ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ጠጠራማ ሜዳ ይጋጠማሉ። ዘንድሮ ባለቤቱ ላሸነፈው ወገን አንድ ሙሉ ቅዳሜ እረፍት እሰጣለሁ አለ። በሳምንት ስድስት ቀን ተኩል ቆሞ ለሚውል ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ አታጪውም። ዋንጫ ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ፤ እሱ ግን እንቅልፍ አለ።

እኔ ጉልበቴ ከተጎዳ ወዲህ መሮጥ ስለማልችል ዳኛ አደረጉኝ። ዳቦ ቤቶቹም «እሱ ፊት አይቶ አያዳላም» ብለው ተስማሙ። ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አንዱ ዳቦ ጋጋሪ ኳሷን ወደ ጎላችን አሻገራት። ከእኛ ወገን ሎጋው የምንለው ልጅ ሊያወጣት ዘለለ፤ እሱን ነክታ ወጣች። «እጅ! እጅ!» የሚል ጩኸት ተነሣ። ከበረኛው በቀር በራሱ ጎል አጠገብ ኳስ በእጁ የነካ ሰው ቡድኑን ፔናሊቲ ያስቀጣል፤ ከተቃራኒው ወገን አንድ ሰው ከበረኛው ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ይመታል ማለት ነው። ፊሽካዬን ነፋሁ፣ በእጄም አመለከትኩ። መቱ፣ አገቡ። ቅዳሜያችን ሄደች።

ሎጋውን ታውቂዋለሽ፤ ከእናንተ አንድ ሰዓት መንገድ ወዲያ የምትኖረው የዚያች ባሏ የሞተባት ሴትዮ ልጅ ነው። ሎጋው ያሉት እዚህ ነው፣ ቁመቱን አይተው። ወደዚህ ስመጣ ወጥቶ የተቀበለኝ፣ አልጋ እስካገኝ አርባ ቀን ሙሉ በራስና በግርጌ አልጋውን ያካፈለኝ፣ አለቃችንን ደጅ ጠንቶ ይህን ሥራ ያስገኘልኝ እሱ ነው። ከአንድ እናት አልተወለድንም እንጂ ወንድሜ ነው። ታዲያ ያን ዕለት ፊሽካውን ስነፋ ወደ እኔ መጣ። አልጮኸም። ሁለት እጁን ዘርግቶ «እናቴን ይንሳኝ እጄን አልነካችም» አለ። ሎጋው በሁሉም ይቀልዳል፣ በእናቱ ግን አይቀልድም። እኔ ደግሞ አንዴ ነፍቻለሁ፤ የተነፋ ፊሽካ ተመልሶ አይዋጥም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። የማሽን ጠጋኛችን በዕድሜው ኳስ ረግጦ አያውቅም፤ አሁን ግን ሕጉን ከስልኩ እያነበበ ይሰብከናል። ትከሻ እንጂ እጅ አይደለም ባይ ነው። ትከሻ የት አልቆ ክንድ የት እንደሚጀምር ለማሳየት በሰው ሁሉ የሥራ ልብስ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሯል፤ የእኔ እስካሁን አልለቀቀም። ይባስ ብሎ ባየኝ ቁጥር «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይለኛል። ልብስ ተኳሿ ደግሞ እጅስ እጅ ነው፣ ነገር ግን ከፔናሊቲው ክልል ውጭ ነው ትላለች። የሜዳውን መስመር ያሰመሩት ዳቦ ቤቶቹ ናቸው፣ በዱቄት። በራሳቸው ዱቄት ለራሳቸው አስፍተው አሰመሩት ነው ክሷ። ዳቦ ቤቶቹም መስመሩ ልክ ነበር፣ የቀረውን ነፋስ ወሰደው ብለው ይምላሉ። ያቺ የምታሳይሽ ቪዲዮ አለች አልኩሽ አይደል? ኳሷ ሎጋው ዘንድ ስትደርስ የሚታየው የልብስ ተኳሿ የራሷ አውራ ጣት ነው። ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር ያንን አውራ ጣት አሥር ሰው ከቦ ያየዋል።

እኔን ግማሹ እውነተኛ ዳኛ ይለኛል፣ ግማሹ ተገዛ ይለኛል። ዳቦ ቤቶቹ እንደ ወትሮው የተረፈ ዳቦ ሲልኩልን «ይኸው ጉቦው መጣ» አሉ፤ ያሉትም በልተው ከጨረሱ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ እኔም እስቅ ነበር። በሎጋው ላይ የወጣው ስም ግን አላሳቀኝም። «ሁለተኛው በረኛ» ይሉታል። ሎጋው የሚለው ስም ቀርቶ ልብስ ልናስረክብ ስንሄድ ሾፌሮቹ ሳይቀሩ በዚህ ይጠሩታል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

እኔንም አያናግረኝም ነበር። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ። የማጠፊያው ማሽን ከተበላሸ ሁለት ወር አለፈው፤ ጠጋኙ ከክርክሩ ጊዜ ሲተርፈው ይሠራዋል ብለን እንጠብቃለን። እስከዚያው ትልልቁን አንሶላ በእጅ የምናጥፈው እኔና ሎጋው ነን። እሱ አንዱን ጫፍ ይይዛል፣ እኔ ሌላውን። እንወጥራለን፣ እናራግፋለን፣ ለሁለት እናጥፋለን፤ ከዚያ እሱ ወደ እኔ ይራመድና ጫፉን ያስረክበኛል። በአንድ ፈረቃ አራት መቶ አንሶላ ነው። ከማያናግረኝ ሰው ጋር በቀን አራት መቶ ጊዜ ፊት ለፊት እንገጥማለን፣ እጃችን ይነካካል፣ ተመልሶ ወደ ቦታው ይሄዳል። ክንዴ የደከመው ከሥራው ይመስልሽ ይሆናል፤ እኔን ያደከመኝ ዝምታው ነው።

በአሥረኛው ቀን የእህቱ ልጅ ደውላ እናቱ መታመሟን፣ ከአልጋ መውረድ አለመቻሏን ነገረችው። ሐኪሙ ሳንባዋ ነው ብሏል። አንቺም ሳትሰሚ አትቀሪም። ሎጋው ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ቀነሰ። ከቤት ስልክ ሲደወል ቁጥሩን ያየውና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ አያነሳም። በሳምንቱ ደግሞ ወደ ሌላው ቅርንጫፍ አዛውሩኝ ብሎ ማመልከቻ አስገባ። እኔን መሸሹ ነው አልኩ። በቁሙ አዋርጄው፣ እናቱ ታማበት፣ እኔን እያየ እንዴት ይኑር? ብዬ ሥራ ላይም አልጋ ላይም ይህንኑ ሳሰላስል ሰነበትኩ።

እትዬ፣ አሁን የምነግርሽን ከዛሬ ሦስት ቀን በፊት ድረስ ለሰው አልተነፈስኩትም። እኔ አላየሁም። እጅ ይሁን ትከሻ፣ ውስጥ ይሁን ውጭ፣ ምንም አላየሁም። ከጨዋታው በፊት የአንድ የታመመ ሠራተኛ ፈረቃ ደርቤ አሥራ ስድስት ሰዓት ቆሜ ነው ወደ ሜዳ የሄድኩት። ፀሐዩ አናቴ ላይ ነበር። ኳሷ ስትሻገር እኔ ሜዳው ውስጥ ቆሜ ዓይኔ ተከድኗል። ሸለብ አድርጎኝ ነበር፤ የነቃሁት «እጅ!» በሚለው ጩኸት ነው። አላየሁም፣ ይቀጥል ማለት እችል ነበር። ግን ዳኛው ቆሞ ተኛ ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። ደግሞ አንቺን ምን እደብቅሻለሁ፣ ቶሎ እንዲያልቅልኝና ሄጄ እንድተኛ ነበር የፈለግሁት። ፊሽካው አፌ ውስጥ ነበረ፣ ነፋሁት። ከዚያ በኋላ ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።

ከሦስት ቀን በፊት ግን አልቻልኩም። ሎጋው የአንሶላውን ጫፍ ሊያስረክበኝ ሲመጣ እጁን ያዝኩት። «አላየሁም። ቆሜ ተኝቼ ነበር፤ በጭፍኑ ነው የነፋሁብህ። ይቅር በለኝ» አልኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝም ይቀለኝ ነበር። እሱ አንሶላውን ለቀቀው። የታጠበ አንሶላ መሬት ላይ ሲወድቅ እንኳን አላየውም። ቀስ ብሎ «ነክታኛለች» አለኝ። መዳፉን ነው የነካችው። ሁሉም አፍጥጦ ሲያየው፣ ቅዳሜዋ በእሱ ምክንያት ስትሄድ፣ መሐላው ከአፉ አመለጠው። ከአፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። «በውሸት ማልኩባት። በአሥረኛው ቀን ተኛች። እኔ ነኝ ያስተኛኋት» አለኝና እንባው ወረደ። ሎጋው ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። አለቃችን ወደ እኛ ስታይ አንሶላውን አነሣንና እያለቀሰ ማጠፉን ቀጠልን።

እኔ የማውቀውን ሁሉ አልኩት። በሽታዋ የሳንባ ነው፣ መሐላ ሳንባ ውስጥ አይገባም አልኩት። ፈጣሪ የኳስ ዳኛ አይደለም፣ በአንድ ጥፋት እናት አይወስድም አልኩት። ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይሰማኝም። ስልኩን የማያነሳው ሞተች ይሉኛል ብሎ ብቻ አይደለም። ብታናግረውስ በምን አፉ «እማዬ» ይበላት? እኔንም አልተቆጣኝ፤ የዘጋኝ ከኀፍረቱ ነው። ለባልደረቦቻችን የራሴን ጥፋት ልንገራቸው ስለው «ተዋቸው፣ ቅዳሜዋ አትመለስም» አለኝ። እንግዲህ ፍርዱ ትክክል ነበር ማለት ነው። ያየው ማለ፣ ያላየው ፈረደ። ጠጋኙ አሁን እዚህ ጎኔ ተቀምጦ ስለ ትከሻ ሲከራከር እሰማዋለሁ። እኔ ግን ደክሞኛል እትዬ፤ ማን ትክክል እንደሆነ ማወቅ እንደዚህ የማይጠቅም ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ወገብሽን እያወቅሁ መንገድ ሂጂልኝ ማለቴ ከብዶኛል፤ ሌላ የምልከው ሰው ግን የለኝም። ይህ ወረቀት በደረሰሽ ማግስት እናቱ ዘንድ ሂጂ። ስለ ኳስና ስለ መሐላ ምንም አትንገሪያት። አጠገቧ ቁጭ በይና በራስሽ ስልክ ለሎጋው ደውይለት፤ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌዋለሁ። የአንቺን ቁጥር ስለማያውቀው ያነሳል። ሲያነሳ አንቺ አትናገሪ፣ እሷ ትጥራው። የምሳ እረፍታችን ከስድስት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ነው፤ ያን ጊዜ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

እንግዲህ በዚሁ ላብቃ። አባዬን ሳሉን ችላ እንዳይል አደራ በይልኝ፤ «ልጄ ለወገኑ አያዳላም» እያለ ለሰው እንደሚያወራ ሰምቻለሁ፣ ለጊዜው ያውራ፣ እውነቱን ስመጣ ራሴ እነግረዋለሁ። ባለቤትሽን እጅግ አድርጌ ሰላም ብዬዋለሁ። ትልቁ ልጅሽ ትምህርቱን ይበርታ፣ መካከለኛዋ ታናሿን አትምታ፣ ትንሿን ጥርስ በሌለው ድዷ ላይ ሳሚልኝ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ በየበራቸው ሰላምታዬ ይድረስ። ለሎጋው እናት ግን ሰላምታ አልላክሁም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊላት፣ ልጇ ራሱ ይበላት።

የሚናፍቅሽ ታናሽ ወንድምሽ

ከልብስ ማጠቢያው ሠራተኞች መኝታ ቤት
ሚያዝያ 19 ቀን