ከበሩ አበባ ሥር ስለተቆፈረው ንጹሕ አፈር

ለተከበሩ የመሬት ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም ቆዳዎ፣ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እኛ በተረፈን ቆዳ ደኅና ነን።

በተዘጋው ቆዳ ፋብሪካ አጥር ሥር አፍንጫውን ይዞ ያለፈ ሁሉ «ለመሆኑ ይህ መሬት መቼ ነው ለሰው የሚሆነው?» ሳይል አልቀረም። እርስዎ ቀን ቆርጠው መልሰውልናል፦ ሰኞ። ሰኞ ዶዘሩ ተመልሶ ይገባል፣ ጓሮው ይደለደላል፣ በላዩም መዋዕለ ሕፃናት ይሠራበታል። በአፈርና ውኃ ጥናት በቅርቡ የተመረቅኩ፣ ሰፈሩ «ላቦራቶሪዋ» እያለ የሚቀልድብኝ የመንደሩ ልጅ ነኝና፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ካላቀረብኩ እህል በጉሮሮዬ አይወርድም።

አንደኛ፤ ስለ ጥናቱ። ባለሙያዎችዎ የመጡ ዕለት ሜትር ልያዝላችሁ ብዬ በነጻ ተከትያቸው ነበር። መርዙ የተቀበረው ከጓሮ፣ ቆዳ ይነከርበት ከነበረው ገንዳ ውስጥ መሆኑን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ለእንግዶቹም ተነግሯቸዋል። ይሁን እንጂ ጓሮው ጭቃ፣ ጫማቸውም አዲስ ነበርና ናሙናውን ከዋናው በር አጠገብ ካለው የአበባ መደብ ቆፍረው ወሰዱ። ያ አፈር እርስዎ ለጉብኝት ሲመጡ ዓይንዎ ደስ እንዲለው ከወንዝ ማዶ በመኪና ተጭኖ የተደፋ ነው። ይህን ብነግራቸው አለቃቸው «እህቴ፣ አፈር አፈር ነው፤ አታድርቂን» አሉኝ። ወዲያው «መሬቱ ከብክለት ነጻ ነው» ተባለ። እንግዳ ሲመጣ ፊቱን ታጥቦ እግሩን የሚደብቅ ሰው አውቃለሁ፤ ፊቱን አይቶ ስለ እግሩ የሚመሰክር ግን በእርስዎ ቢሮ አየሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ታላቅ ወንድሜ። የዶዘሩ ሹፌር እሱ ነበር። «ነጻ ነው ከተባለ ነጻ ነው፤ አንቺ ደግሞ ተምረሽ ፈሪ ሆንሽ» ብሎኝ እየሳቀ ነው የገባው። ዶዘሩ ከተቀበረው ገንዳ ጋር ሲላተም ምን እንደነካ ሊያይ ወረደ፤ ክዳኑ ከእግሩ ሥር ተደረመሰና እስከ ወገቡ ተዘፈቀ። ከበሬ ቆዳ ላይ ጠጉር ለመንቀል የተቀመመው ፈሳሽ ይህን ሁሉ ዘመን ተቀብሮም ሥራውን አልዘነጋም፤ ሰውና በሬም አልለየም። በገመድ ጎትተን ስናወጣው ሱሪው ብቻውን አልወለቀም። ጩኸቱ ቢሮዎ ድረስ ያልተሰማው መስኮትዎ ድርብ መስታወት ስለሆነ ነው ብዬ በቅን ልቦና ተርጉሜዋለሁ። አሁን ሐኪም ቤት ተኝቶ «ላቦራቶሪዋ፣ ምን ተገኘብኝ?» እያለ ይቀልዳል፤ እኔም ለመሳቅ ወደ ኮሪደር እወጣለሁ።

ሦስተኛ፤ በማግሥቱ ሥራው ይቁም ብለን ከዶዘሩ ፊት ስንቀመጥ ስለላኩልን ጥበቃዎች። ዱላቸው ከባለሙያዎችዎ መሣሪያ የጠለቀ ምርመራ አድርጓል፤ አጥንት ድረስ። አክስቴ አንደኛውን «ልጄ፣ እናትህን ነው እንዴ የምትመታው?» ብትለው ክንዷን እንደ ደረቅ ጭራሮ ሰበረው። የጎረቤታችንን የአናጢውን ጥርሶች ከጭቃው ውስጥ ለቅመናል። ለካስ ጓሮው ድረስ በጫማ መግባት ይቻላል!

በዚያው ቀን የሰፈሩ ጎረምሶች ደም በጋረደው ዓይን ቤንዚን ይዘው ዶዘሩን ሊያቃጥሉት መጡ። እጄን ዘርግቼ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ለእርስዎ አዝኜ ሳይሆን፣ ገንዳው ገና ግማሹ ሙሉ ስለሆነ፣ እሳቱ ቢሰነጥቀው ደግሞ ከሥሩ የምንጠጣው የጉድጓድ ውኃ ስላለ ነው። «እስከ ሰኞ ታገሡኝ፣ በደብዳቤ እጠይቃለሁ» ብላቸው «በደብዳቤ ዶዘር ካቆምሽ እኛም እንማራለን» ብለው ሳቁብኝ። እንግዲህ የእኔ ዲግሪም የእነሱም ክብሪት በእርስዎ እጅ ነው።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ይህ መሬት ይድናል ብዬ አምናለሁ፤ የተማርኩትም ለዚሁ ነው። ገንዳው በጥንቃቄ ይቀዳ፣ አፈሩ ከጓሮው ተወስዶ ይመርመር፣ ልጆቹ ከዚያ በኋላ ይግቡበት። እስከዚያው የሰኞው ዶዘር ይቁም። ይህን ያነበባችሁም ሁሉ ሰኞ ማለዳ አጥሩ ሥር ኑ፤ ዱላ ሳይሆን አካፋ ይዛችሁ።

ለአበባው መደብ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም የማይላጥ ወንበር እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣

የዶዘሩ ሹፌር እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ እርስዎም ቢመጡ ስለ ጭቃው አይስጉ፤ የወንድሜን ትርፍ ቦቲ አውስዎታለሁ። የግራውን ሲጨርሱ ይመልሱልኝ፤ የቀኙን ግን ለዘለቄታው ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ትናንት ከእንግዲህ አንዱ ይበቃዋል ብለዋል። ቁጥሩ ይስማማዎ እንደሆነ ለማወቅ ብቻ፣ ስንት ቁጥር እንደሚጫሙ ይጻፉልኝ።